ጆንያ የተሰፋበት ቀሚስ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሊዲያ ከኩሽናው በር ጀርባ የሰቀልኩትን ሽርጥ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ፣ በሌላው እጇ አፍንጫዋን ይዛ መጣች። «እማዬ፣ ይሄ ነገር እኮ ይሸታል!» አለችኝ። የሚሸተው ትንሽ ሽንኩርትና ዘይት ነው፤ ከታጠበም ገና ሦስት ቀኑ። እሷ ሽታን የት አውቃው! ሽታስ የእናቴ የሥራ ቀሚስ ነበር።

ልጅ እያለሁ፣ እዚሁ ቦንጋ፣ ብቻዋን የምታሳድገኝ እናቴ ሁለት ቀሚስ ብቻ ነበራት። አንዱ ለቤተ ክርስቲያንና ለገበያ የምትለብሰው ሰማያዊ ነው። ሌላው እንሰት የምትፍቅበት፣ ቆጮ የምታወጣበት፣ እበት የምትዝቅበት። የእንሰት ውሃ ጨርቅ ላይ ካረፈ ያጠቁረዋል፤ በሳሙናም በአመድም ብትፈትጉት አይለቅም። ስለዚህ እናቴ ከደረቱ እስከ ጉልበቱ የማዳበሪያ ጆንያ ሰፍታበት ነበር። የጨርቁ ቀለም መጀመሪያ ምን እንደነበር እግዜር ይወቀው። የኮመጠጠ ቆጮ፣ የከረመ ቅቤ፣ ላብ፣ ጭስ፣ እበት፣ ሁሉም አንድ ላይ ይሸታል። ማጠቡንስ ታጥበው ነበር፤ የቦንጋ ዝናብ መች ያደርቅና! እርጥቡን ይለበሳል፣ እርጥቡን ይሰቀላል፣ ብብቱ ላይ ሻጋታ ያበቅላል። ኤጭ! አሁን ስጽፈው እንኳ አፍንጫዬን እይዛለሁ።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ የእኔ ድርሻ ነበር። እናቴ ፍቃ ስትጨርስ እጇ እስከ ክርኗ ስለሚጨማለቅ፣ ያንን ጉድ በራሷ ላይ ስቤ የማወልቅላት እኔ ነኝ። ትንፋሼን ውጬ እጀምራለሁ። አንገቷ ላይ ሲደርስ ይያዛል፣ እታገላለሁ፣ ትንፋሼ ያልቃል፤ ከዚያ ሽታውን አፍንጫዬ ሙሉ እስበዋለሁ። «ቶሎ በይ እንጂ አንቺ ልጅ፣ ልታፍኚኝ ነው!» ትላለች ከውስጥ። እንደዚያ ባለ ቀን ራት አፌ አይገባም ነበር።

አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ እናቴ ትከሻዋን አመማት። «አድገሻል፣ ዛሬ አንቺ ፋቂ» ብላ ቀሚሱን አጠለቀችልኝ። ቀዝቃዛ ነበር፤ ያሙለጨልጫል፤ ጀርባዬ ላይ ሲለጠፍ የሞተ ነገር ያቀፈኝ መሰለኝ። ቁጭ ብዬ መፋቅ ከመጀመሬ የክፍል ጓደኛዬ ሐረግ ደብተር ልትዋስ መጣች። ሐረግ የመንግሥት ሠራተኛ ልጅ ናት፤ በዚያ ሁሉ ጭቃ ነጭ ካልሲ የምታደርግ። ከአጥሩ በር አላለፈችም። አፍንጫዋን በሹራቧ እጅጌ ሸፍና «ምንድነው የለበስሽው?» አለችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ ገበያ ነበረች። ቀሚሱን በእንጨት አንጠልጥዬ ወሰድኩና ሽንት ቤቱ ጉድጓድ ውስጥ ከተትኩት። እፎይ! ስትፈልገው ደግሞ የአብዬን ወደ እምዬ፣ «የጎረቤት ውሻ ሲጎትት አይቻለሁ» አልኳት። ዓይኔን አየችኝና እሳቷን ልታነድ ገባች።

ቅዳሜ ሲደርስ እንሰቱ ተቆርጧል፣ ጎረቤቶች ለደቦ መጥተዋል። የተቆረጠ እንሰት ቀን አይሰጥም። «ምን ለብሰሽ ልትፍቂ ነው?» አሏት ጎረቤታችን እትዬ አልማዝ። እናቴ በሰማያዊው ቀሚሷ ላይ የእንሰት ቅጠል አሸረጠችና ተቀመጠች። ቅጠሉ ረፋድ ላይ ተተልትሎ አለቀ። ስትነሳ ሰማያዊው ቀሚስ ከደረቱ እስከ ጉልበቱ ጠቁሮ ነበር። ሦስት ጊዜ አጠበችው፤ ወይ ፍንክች።

በሳምንቱ ደካ የሚባል አካባቢ የታናሽ እህቷ ሰርግ ነበር። እናቴ ጭፈራ ሲነሳ ማንም የማይቀድማት ሴት ናት፤ ያንን ሰርግ ዓመት ሙሉ ስትጠብቀው ነው የኖረችው። ያን ቀን ነጠላዋን ከፊት ለፊቷ ጥርቅም አድርጋ ይዛ ጥግ ላይ ተቀመጠች። ሙሽራዋ ራሷ መጥታ ስትጎትታት «ትከሻዬን አሞኛል» አለች። እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሥጋዬን እበላ ነበር።

ዛሬ እናቴ የምትኖረው ከእኔ ጋር ነው። ሽርጡ በየሱቁ ሞልቷል፣ የላስቲክ ጓንቱም አለ፤ እሷም ቁም ሳጥን ሙሉ ቀሚስ አላት። ያን ሰርግ ግን የሚመልስላት የለም።

ሊዲያ ሽርጡን እንዳንጠለጠለች «ልጣለው?» ብላ ስትጠይቀኝ፣ እናቴ መስኮቱ ስር ጎመን ትቀነጥስ ነበር። ቀና ብላ አየቻት።

«ጣይው ልጄ» አለቻት። «ሽንት ቤት ግን እንዳትከቺው። እናትሽ የከተተችው አልሰጠመም፤ ጆንያው ከላይ ተንሳፍፎ አየሁት።»

ይህንን ብላ ወደ ጎመኗ ተመለሰች። እኔ ይሄን ሁሉ ዓመት የውሻውን ነገር ያመነችኝ መስሎኝ ነበር የኖርኩት። እዚያው በቆምኩበት፣ እኔው ለራሴ ሸተትኩ።