የቫዮላዋ ወንበር

እህቴ ቫዮላ ተጫዋች ናት። ይህን ለጸጉር ቤት ደንበኞቼ በነገርኩ ቁጥር «ቫዮሊን ማለትሽ ነው» ብለው ያርሙኛል። እኔም ማበጠሪያዬን አስቀምጬ አስረዳለሁ። ቫዮላ ከቫዮሊን ትንሽ ገዘፍ ያለ፣ ድምፁም ወፈር ያለ፣ ዋናው ዜማ ከስንት አንዴ የሚደርሰው ምስኪን መሣሪያ ነው። ቫዮሊኖቹ ከላይ ያዜማሉ፣ በጉልበት መሃል የሚያዘው ትልቁ ቼሎ ከታች ያጉረመርማል፣ ቫዮላ መሃል ሆኖ ያስታርቃቸዋል። እትዬም እንደዚያው ናት። እኛ ቤት ጠብ የሚነሳው እሷ በሌለችበት ቀን ነበር።

ሙዚቃ ትምህርት ቤት የገባችው በቫዮሊን ነው። ሁለተኛ ዓመት ላይ አስተማሪዋ ጠርተው፣ «ክንድሽ ረጅም ነው፤ ጆሮሽ ደግሞ ከራስሽ ይልቅ ሌላውን ይሰማል። ቫዮላ ያዢ» አሏት። እናታችን ልጇ ከማዕረጓ ዝቅ የተደረገች መስሏት ምሳ ሳትበላ ዋለች። እኔ «ከእጅ አይሻል ዶማ» ብዬ ቀለድኩ። እትዬ ሁለታችንንም ጆሮ ዳባ ልበስ አለችን።

እኚሁ አስተማሪ አንድ ልማድ ነበራቸው። ኳርቴት የሚባለውን፣ አራት ሆነው የሚጫወቱትን ሙዚቃ የሚማሩ ልጆች የራሳቸውን ድርሻ ከመንካታቸው በፊት የሦስቱን ጓደኞቻቸውን ድርሻ በአፋቸው ማዜም ነበረባቸው። «ፊታችሁ ቆሞ በበትር የሚመራችሁ ሰው የለም። አንዱ መንገድ ሲጠፋው ሌላው ማወቅ አለበት» ይሏቸዋል። ሌሎቹ ተማሪዎች ለፈተና ያህል ሸምድደው በማግስቱ ይረሱታል። እትዬ ግን የቼሎውን ድርሻ ሳህን ስታጥብ፣ የመጀመሪያውን ቫዮሊን ድርሻ ደግሞ ልብስ ስትተኩስ ታዜመው ነበር። አንድ ክፍል ነበር የምንተኛው፤ ሳልወድ በግዴ ግማሹን እኔም ይዤዋለሁ።

ተመርቃ ስትወጣ ማንም እልል ብሎ አልተቀበላትም። ሆቴል ውስጥ ሰው እየበላ ተጫወተች፤ የሹካው ጫጫታ ከቫዮላዋ ይበልጥ ነበር። ቀጥሎ አንድ የግል ትምህርት ቤት ገብታ ልጆች ማስተማር ጀመረች፣ እዚያው ዓመታት አለፉ። በከተማችን አንድ ስመ ጥር ኳርቴት ብቻ ነበር። የቫዮላውን ወንበር የያዙት ሰውዬ ጤነኛ ነበሩ፣ እሷም ክፉ አልተመኘችላቸውም። ዝግጅት ባቀረቡ ቁጥር ግን በእሳቸው በኩል ባለው ወንበር ተቀምጣ ጣቶቿን ጉልበቷ ላይ ታንቀሳቅስ ነበር።

በመጨረሻ ሰውየው በቃኝ ብለው ጡረታ ወጡ፣ ለወንበሩም ፈተና ወጣ። እንደ ክፉ አጋጣሚ በዚያው ሳምንት የትምህርት ቤቷ ዳይሬክተር ምክትሌ ሁኚ አላት። ቢሮ አለው፣ ደሞዙም ደህና ነው፤ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ስብሰባ ነው፣ ሙዚቃ የሚባል ነገር የለበትም። መልሱን የፈለገው ለዓርብ ነበር፤ ፈተናውም ዓርብ ነው።

«ካልሆነልኝ ቫዮላውን ሳጥኑ ውስጥ ቆልፌ ቢሮ እገባለሁ» አለችኝ ጸጉሯን ስሠራት። «አርባን አልፌያለሁ። ከዚህ በኋላ ማን ይፈትነኛል?»

እኔም ጸጉሯን ለዓርብ እንዲቆይ ከወትሮው ጠበቅ አድርጌ ሠራሁት።

ዓርብ ዕለት ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ሳጥኗን ልያዝላት ብዬ አብሬያት ሄድኩ። የልምምድ ክፍሉ ሰፊ ነው፤ መሃሉ ላይ አራት ወንበር፣ ጥግ ላይ ደግሞ የተደራረቡ ትርፍ ወንበሮች አሉ። እዚያ ጥግ ተሸጎጥኩ። ኳርቴቱን የምትመራው ባለ መጀመሪያ ቫዮሊን ፈጣን ሴት ናት። ሁለተኛው ቫዮሊን ፈገግታ እንጂ ቃል የማይወጣው ሰው ነው። ቼሎ የሚጫወቱት አዛውንት ከኖታቸው ላይ ዓይናቸውን የሚነቅሉ አይመስሉም።

ከእሷ በፊት የገባው ጎረምሳ አብሯቸው ሲጫወት ክፍሉን በድምፅ ሞላው። እውነት ለመናገር ግሩም ነበር። ተራው ሲደርሳት እትዬ ለስለስ ብላ ገባች። መኖሯ የሚታወቀው የሌሎቹ ድምፅ በመሙላቱ ብቻ ነው። እኔ በሆዴ «ኧረ ከፍ አድርጊው፣ ዛሬ ካልጮህሽ መቼ ልትጮሂ ነው» እላለሁ።

መሃል ላይ ጉድ ፈላ። ኖታው ላይ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ድገሙ የሚል ምልክት አለ። ጠዋቱን ሙሉ ሲፈትኑ ደክሟቸው ነው መሰል፣ መሪዋ ምልክቱን ዘላ ወደ ፊት ቀጠለች፤ ሁለተኛው ቫዮሊንም ተከተላት። አዛውንቱ ምልክቱን አክብረው ወደ ኋላ ተመለሱ። ሁለት ሬዲዮ ባንድ ላይ የተከፈተ መሰለ። እንዲህ ሲሆን ቆሞ እንደገና መጀመር ነውር አይደለም፤ መሪዋም ልታቆም ደጋኗን ልታነሳ ነበር።

እትዬ አላቆመችም። የራሷን ድርሻ ትታ፣ መሪዋ የምትጫወተውን ዜማ በቫዮላዋ ወፍራም ድምፅ ከፍ አድርጋ ያዘችው። ወደ አዛውንቱ ዞራ፣ ጆሯቸው ሥር ነው የተጫወተችላቸው። ሰውዬው ቀና አሉ። ሌሎቹ የት እንደደረሱ ገባቸውና ዘለው ገቡ። ወዲያው እሷ ወደ ድርሻዋ ተመለሰች። አራቱም እስከ መጨረሻው አንድ ሆነው ሄዱ፤ እኔ እጄን አፌ ላይ ጭኜ ነበር።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ ምልክቱን ዘለልኩት» አለች መሪዋ እየሳቀች።

አዛውንቱ አልሳቁም። «የሷን ዜማ ከየት አመጣሽው? ያንቺ ኖታ ላይ የለም» አሉ።

«የእርስዎንም አውቀዋለሁ» አለች እትዬ።

«እስቲ።»

የቼሎውን ድርሻ በአፏ አዜመችላቸው፤ ያ የሳህን ማጠቢያ ዜማ ነው። ትንሽ እንደሄደች ሁለተኛው ቫዮሊን፣ ያ ዝምተኛው፣ ከላይ በቫዮሊኑ ገባላት። አዛውንቱ ዓይናቸውን ጨፍነው እስክትጨርስ አዳመጡ። ከዚያ መሪዋን አይተው በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የቅዳሜ ሳምንት ዝግጅት አለን» አለች መሪዋ ለእትዬ። «ከእኛ ጋር ነሽ። ጊዜ የለንም፤ አሁኑኑ ከመጀመሪያው እንሂድ፣ በዚህኛው ግን ምልክቱ ጋ ስንደርስ እንደግማለን።»

እኔ ጥጌ ላይ ሆኜ እንባዬ ዱብ ዱብ ይላል። እትዬ አላለቀሰችም። ወንበሩን ወደ ቼሎው ትንሽ ጠጋ አደረገችው፣ ክሯን ቃኘች፣ ከዚያ ዘወር ብላ አየችኝ።

«አንቺ፣ ለዳይሬክተሩ ደውይልኝ።»

«ምን ልበለው?»

«እጄ ተይዟል በይው» አለችና ቫዮላዋን አገጯ ሥር አስገባች።