«ሮቤ» የምትል መልእክት

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት ባለሙያ ሮቤ ወዳለው ቢሯችን መጥታ ለገበሬዎች የአየር ጠባይ የሚናገር አፕ አሳየችን። ጥሩ ሥራ ነው፤ አልዋሽም። ስትጨርስ «በሁሉም ስልክ ይሠራል» አለች። ሌሎቹ አጨበጨቡላት፤ እኔ ግን «በሁሉም ላይ በዓይንሽ አይተሽዋል?» ብዬ ደረቅ ጥያቄ ጠየቅኳት። ፊቷ ተቀያየረ። ሰውየው ቀናብኝ ብላ ይሆናል። የኔ እናት፣ ቅናት አልነበረም፤ ፍርሃት ነው።

እኔና ጀማልም በጉብዝናችን ወራት ልክ እንደሷ ብለን ነበር። ጀማል የሶፍ ዑመር መንደር ልጅ ነው። ሮቤ አብረን ኮምፒውተር ተማርንና ከመናኸሪያው ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይተን፣ እናቱ የሚልኩለትን ጭኮ እየበላን ኮድ እንጽፍ ነበር። ጭኮ፣ ለማያውቀው፣ በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት ነው፤ ትንሽ ከቀመሱት ግማሽ ቀን ያውላል። ኮምፒውተራችን ሁሉ ቅቤ ቅቤ ይሸት ነበር።

የአፑ ዓላማ ቀላል ነው። በሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ ወንዝ ያልፋል፤ ጎብኚም ወንዙን በእግሩ እየተሻገረ ነው ዋሻውን የሚያየው። እዚያ ታች ፀሐይ እያቃጠለ፣ ላይ ደጋው፣ ጎባና ሰነቴ፣ ሌሊቱን ሲዘንብ ያደረው ውሃ ቆይቶ ድንገት ይደርሳል። የጀማል ታላቅ እህት ሰዓዳ ደግሞ ሥራዋ እንግዳ ይዞ ዋሻ መግባት ነበር። እንግዲህ ላይ ያለው ሰው መዝነቡን ይጽፋል፤ ታች ያለችው ሰዓዳ ታነባለች፤ አትገባም። በቃ።

አበሳው ስልኩ ነው። እኛና የጎባው ሰዋችን የያዝነው አንድሮይድ ነው፤ ሰዓዳ ግን አክስቷ ከዓረብ አገር የላኩላት አይፎን ነበራት። በአንዱ ያስተካከልነው በሌላው ይበላሻል፤ እዚህ ፊደሉ ሲቆረጥ እዚያ ቁልፉ ይሰወራል። በኋላ አንድ ጊዜ ጽፈን ለሁለቱም የሚያወጣ መሣሪያ አገኘንና እፎይ አልን። የአይፎኑን ግን አዲስ አበባ ያለ ጓደኛችን በራሱ ኮምፒውተር አዘጋጅቶ ላከላት እንጂ እኛ በዓይናችን አላየነውም። ሳምንቱን ሙሉ የሙከራ መልእክት ላክንላት፤ ከኛ መሆኑን እንድታውቅ «ሮቤ» እያልን። «ደርሷል፣ ይነበባል፤ ኧረ አሰለቻችሁኝ!» ትለን ነበር። እውነቷን ነው፤ ይነበባል።

የጎባው ሰዋችን ጋሽ ታደሰ ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። የላቲኑ ቁቤ ሳይመጣ የተማሩ ስለሆኑ ኦሮምኛውንም በኛው ፊደል ነበር የሚጽፉት። አንድ ቀን ጠዋት መልእክታቸው ስልካችን ላይ መጣ። ከላይ «ከጎባ» ይላል፤ ከሥሩ «ሮቤ»። ባሌ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ በኦሮምኛ ዘነበ ማለት ነው። ሲነገር ከከተማችን ስም ጥቂት ይለያል እንጂ በፊደል ሲጻፍ ያው ነው። ወዲያው ሰዓዳ ማየቷን የሚያሳይ ምልክት መጣ። ጀማል ጠረጴዛውን ደበደበው። «ሠራ! ጸጌ፣ ሠራ እኮ!»

ሻይ ልንጠጣ ወጣን። በጎባ በኩል ሰማዩ ከሰል መስሏል። የዋሻውን ወንዝ በሚቀላቀለው በሻያ ወንዝ ድልድይ የመጣ አንድ ባለጋሪ፣ ውሃው ግንድ ይዞ እየወረደ መሆኑንና ፈረሱም አልሻገርም ብሎ እንዳስቸገረው ያወራ ነበር። እኛ ሳቅን። ደስ ብሎናላ! ሰዓዳ አውቃለቻ!

ከሰዓት በኋላ ጀማል እህቱን ሊያመሰግን ደወለ፤ እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፈተው።

«ቶሎ በል፣ እንግዳ ይዤ ልገባ ነው» አለችው።

«የት ነው የምትገቢው? መልእክቱ አልደረሰሽም እንዴ?»

«የቱ? ያ ‹ሮቤ› የሚለው? ደረሰኝ። ያው ሙከራችሁ አይደል?»

«ከጎባ እኮ ነው! ከላዩ አታዪም?»

«ከላዩ ምንም የለም። ‹ሮቤ› ብቻ ነው የሚለው። ምነው፣ ምን…»

ተቋረጠ። ዋሻው ውስጥ ኔትወርክ የለም። ለካ በሷ ስልክ ላይ የላይኛው መስመር ጭራሽ አይወጣም ኖሯል! ጀማል ደጋግሞ ደወለ፤ የሚመልስለት ግን ማግኘት አይችሉም የምትለዋ ሴትዮ ብቻ ነበረች።

ከዋሻው አፍ በላይ ለስላሳና ብስኩት የሚሸጡ ኦቦ ሸምሱ የሚባሉ አዛውንት ነበሩ። ስልካቸው አፕ የሚባል የማያውቅ ባለ ቁልፍ ነው። ጀማል ለሳቸው ደወለ።

«ኦቦ ሸምሱ፣ ጎርፍ እየመጣ ነው! ሰዓዳ ገብታለች፤ በአላህ ይድረሱላት!»

«አብሽር ልጄ፤ አሁኑኑ» አሉ።

ስልኩን ሳይዘጉ አስቀመጡት። የነጠላ ጫማቸው ኮቴ ተሰማን፤ ከዚያ «ያ ሰዓዳ! ያ ሰዓዳ!» እያለ የሚርቅ ድምፃቸው። ከዚያ የፍየል ጩኸት ብቻ ቀረ። ጀማል ዱዓ ያደርጋል፤ እኔ እመቤቴን እለምናለሁ። ብዙ ቆየን። በኋላ እንደ ከባድ መኪና የሚያጓራ ነገር ከሩቅ መጣ፤ እየቀረበ፣ እየበረታ ሄዶ ሌላውን ድምፅ ሁሉ ዋጠው። ጀማል ጆሮውን በሁለት እጁ ደፈነ።

ጩኸቱ ጋብ ሲል አንድ ሰው ስልኩን አነሣው።

«ሃሎ? ማን ነው?»

ሰዓዳ! ጀማል እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ እኔም አለቀስኩ። የውሃው ቀለም ሲለወጥ አይታ እንግዶቿን በሌላኛው በር አውጥታ ኖሯል። ሁሉም ደኅና ናቸው። እያለከለከች፣ ሳቅም እየቀደማት፣ «ኦቦ ሸምሱስ? ሱቃቸውን እንዲህ ክፍት ጥለው የት ሄዱ?» አለችን።

«አንቺን ሊጠሩ ገብተዋል» አላት ጀማል። ኦቦ ሸምሱ ከዋሻው አልወጡም።

አፑን አጠፋነው። ጀማል ዛሬ አጋርፋ ኮምባይነር ያከራያል፤ ኮድ የሚባል ነገር ሲነሣ ወሬ ይቀይራል። እኔ ግን እንጀራዬ ሆኖ ቀረሁበት። ስልክም ስንቴ ቀያየርኩ፤ ከአንድሮይድ ወደ አይፎን፣ ከአይፎን ወደ አንድሮይድ። በተሻገርኩ ቁጥር የማይጠፋብኝ የለም፤ የልጆቼ ፎቶ ጠፍቷል፤ የእናቴ ድምፅ ያለበት መልእክት ጠፍቶ አንጀቴን በልቶታል። አንድ ስም ግን እስካሁን ሳይጠፋ አብሮኝ ይሻገራል። ኦቦ ሸምሱ፣ ሶፍ ዑመር። በሁለቱም ስልክ ላይ አይቼዋለሁ፤ አንዲት ፊደል አልጎደለችውም።