የተዘጋው ኮርስና የጉዲና ደብተሮች

ሰኔ 4 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ትምህርት ሠላሳ አንድ። ከርእሱ በታች ሁለት መስመር ተኩል ተጽፏል። ሦስተኛው መስመር «ይህ ትእዛዝ የሚሠራው» ይልና ይቆማል። የቀረው ገጽ ባዶ ነው።

ደብተሩ የወንድሜ የጉዲና ነው። አርባ አራት ዓመቱ ነበር። ነቀምቴ ተወልዶ፣ አዲስ አበባ ሃያ ዓመት ኖሮ፣ ለሚ ኩራ በሚሠራ አንድ ሕንፃ ላይ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበር፤ ሲሚንቶና ብረት ይረከባል፣ ያስረክባል። ኮዲንግ የጀመረው የዕቃውን መመዝገቢያ ራሱ ለመሥራት ብሎ ነው። ቆይቶ ግን መማሩ ብቻ አልበቃው አለ።

እሁድ ከቸርች ሲወጣ መገናኛ ወደ አቶ ጣሃ ፎቶ ኮፒ ቤት ይሄዳል። እዚያ አምስት ሰዎች ይጠብቁታል። የሚማሩት የኮዲንግ ኮርስ በኢንተርኔት የሚሰጥ ነው፤ በነጻ፣ በእንግሊዝኛ። ጉዲና ትምህርቱን በሳምንቱ ውስጥ ቀድሞ ያነብና በአማርኛ ደብተር ላይ ይጽፈዋል፤ እሁድ ገጹ ፎቶ ኮፒ ተደርጎ ይታደላል።

ከአምስቱ ሲቲ ትቀድም ነበር። የአቶ ጣሃ የእህት ልጅ ናት። ከኮምቦልቻ መጥታ እዚያው ሱቅ ውስጥ የሌላ ሰው የሥራ ማመልከቻ ስትተይብ አራት ዓመት ሆኗታል። ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ያለ አንድ ድርጅት ጀማሪ ሲቀጥር የኮርሱን ሰርተፍኬት ይቀበላል። የራሷን ማመልከቻ እዚያ ማስገባት ነበር ሐሳቧ።

በ2015 ክረምት ድረ ገጹ ማስታወቂያ አወጣ። ኮርሱ ሴፕቴምበር 30 ተዘግቶ በአዲስ ይተካል፤ እስከዚያ ያልጨረሰ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ጉዲና ቀን የሚቀይረው በጭንቅላቱ ነው። አሥር ቀነሰና «መስከረም 20» ብሎ ግድግዳ ላይ ለጠፈ። ለእኔም ደውሎ ነገረኝ። እኔ እህቱ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መዝገብ ያዥ ነኝ፤ ሁለቱን አቆጣጠር ጎን ለጎን ስጽፍ ነው የምውለው። «ጥሩ ነው» አልኩት። አላሰላሁም።

በዚያ ዓመት ጳጉሜ ስድስት ቀን ነበረች። የሚቀነሰው አሥራ አንድ ነበር። ኮርሱ የተዘጋው ቅዳሜ፣ መስከረም 19 ነው።

እሁድ ሲቲ የመጨረሻ ፕሮጀክቷን ልታስገባ ስትከፍት ገጹ የለም። ጉዲና ተነስቶ ግድግዳው ላይ ያለውን የራሱን ጽሑፍ አነበበ። ከዚያ የስልኩን ቀን አየ።

«ጋሼ» አለች ሲቲ፤ «ስድስተኛዋን ጳጉሜ የት ጣሏት?»

«ከሲሚንቶው ሥር ትሆናለች።»

«እንግዲህ ይፈልጓት። የዓመት ልፋቴ አብሯት ነው ያለው።»

ሌሎቹ ሳቁ። እሷም ልትስቅ ጀምራ ነበር፤ ከዚያ ላፕቶፑን ዘግታ ወደ ጓዳ ገባች። ጉዲና ሊከተላት ሲል አቶ ጣሃ «ተዋት፣ ትንሽ ታልቅስ» አሉት።

አዲሱ ኮርስ ሌላ ነገር ነበር። የሚነበብ ጽሑፍ የለውም፣ ሁሉም ቪዲዮ ነው። ኮዱ የሚጻፍበት ቋንቋ ተቀይሯል። ጎን ላይ ደግሞ ሲሳሳቱ መልሱን የሚነግር የማሽን ረዳት ተቀምጧል። ከአምስቱ አሮጌ ደብተሮች አንድ ገጽ እንኳ የሚያገለግል አልተገኘም። ጉዲና በካርቶን አምጥቶ እኔ ቤት አስቀመጣቸውና አዲስ ደብተር ገዛ። በምሳ ሰዓት ግምጃ ቤቱ ውስጥ ሲሚንቶ ላይ ተቀምጦ ቪዲዮውን ትንሽ ያዳምጣል፣ ያቆማል፣ ይጽፋል። የሃያ ደቂቃ ቪዲዮ ሦስት ቀን ይፈጅበታል።

ጥር ላይ ደክሞኛል አለኝ።

«ተወው» አልኩት፤ «ረዳቱ ያስተምራቸው።»

«ረዳቱ ለሲቲ መልሱን ነው የሚሰጣት፣ ፍሬ። ቀኗን ያጠፋሁባት ደግሞ እኔ ነኝ።»

ከዚያ ወዲህ ተወው አላልኩትም። ሐኪም ልቡ መድከሙን የነገረው በየካቲት ነው። እኔ ያወቅሁት ከሞተ በኋላ፣ የሕክምና ካርዱን ደብተሩ ውስጥ ሳገኝ ነው።

ሲቲ በጉዲና ጽሑፍ እስከ ትምህርት ሠላሳ ደረሰች፤ የቀሩትን ሁለቱን ሳትጠብቀው በራሷ አይታ ግንቦት መጨረሻ ላይ ፕሮጀክቷን አስገባች። የቦሌው ድርጅት እንደገና ሰው እየፈለገ ነበር፤ ማመልከቻ በወረቀት፣ በአካል ቀርቦ፣ እስከ ጁን 11። ሰርተፍኬቷ የደረሰው በመጨረሻው ቀን፣ እናቷን ልታስታምም ኮምቦልቻ ሄዳ ሳለ ነው። ጉዲና ለሌሎቹ ትምህርት ሠላሳ አንድን እየጻፈ ነበር። ደወለችለት። የተባባሉትን በኋላ እሷ ነገረችኝ።

«ጋሼ፣ ዛሬ ይዘጋል። ማመልከቻው ሱቅ ውስጥ አለ፤ የጎደለው ሰርተፍኬቱ ብቻ ነው።»

«ላኪው።»

«ቀኑን ግን እንዳያሰሉት። ዝም ብለው ይሂዱልኝ።»

እሱ ግን አሰላ። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ «ፍሬ፣ ዛሬ ጁን 11 ነው አይደል?» የሚል መልእክት ላከልኝ። በዚህኛው ጊዜ ግን ካላንደሩን ገልጬ አየሁ። «ነው። ሰኔ 4፣ ማክሰኞ» ብዬ መለስኩ። ሌላ አልጨመርኩም። ያን ዕለት ማታ ሲመለስ ቤቱ ደጃፍ ላይ ወደቀ፤ አልተነሳም።

ከዚያ በፊት የሆነውን ከሰዎቹ ጠይቄ በቅደም ተከተል አስቀምጫለሁ። ሰርተፍኬቱን በሚሠራበት ሕንፃ ሳይት ቢሮ አሳተመ። መገናኛ ወርዶ ከአቶ ጣሃ የማመልከቻውን ፋይል ተቀበለ። በታክሲ ቦሌ መድኃኔዓለም ሄደ፤ ሊፍቱ ቆሞ ስለነበር አራተኛ ፎቅ በደረጃ ወጣ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ላብ ስላጠመቀው ወንበር ሰጠችው። አሥር ሰዓት ከሃያ ላይ ማመልከቻውን ተቀብላ ቅጂው ላይ ማኅተም አደረገች። ማኅተሙ ላይ ያለው ቀን የፈረንጅ ነው፤ ጉዲና ከጎኑ በእስክሪብቶ «ሰኔ 4» ብሎ ጻፈ። ከዚያ መገናኛ ተመለሰና ቅጂውን ሲቲ ከምትተይብበት ኪቦርድ ሥር አስቀመጠው።