የዳማ ቁጥር

ባለፈው ማክሰኞ መርሳ መናኸሪያ ጀርባ ካለችው ሱቄ ደጃፍ ተቀምጬ ማንጎ እልጣለሁ። ጭማቂው እስከ ክርኔ ወርዷል። አንዲት የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ወረቀት ይዛ መጣች። ቤንዚን እንደ ልብ አልገኝ ካለ ወዲህ ባጃጁ ቆሞ ጋሪ አስፋልቱን እንደገና ሞልቶታል፤ ስለዚህ ለኪራይ ፈረሶች ደንብ ሊወጣ ነው አለችኝ። ፈቃድ፣ የጤና ምርመራ፣ የጭነት ልክ፣ ፈረሱ ውኃ የሚጠጣበት ሰዓት ሳይቀር አለበት።

«አባቴ፣ የድሮ ጋሪ ነጂ ነዎት ብለውኝ ነው። ረቂቁን አይተው ለሐሙሱ ስብሰባ ሐሳብ ቢሰጡበት» አለች።

እጄን ታጥቤ መነጽሬን አደረግሁ። ሦስት መስመር እንደሄድኩ «ትከሻው ወይም ጀርባው የተገጠበ ፈረስ» የሚል ላይ ደረስኩና ወረቀቱን አጠፍኩት።

«አልታየዎትም? ላንብብልዎ?»

«ኧረ ይታየኛል ልጄ። አስቀምጪልኝ፣ ቀስ ብዬ አየዋለሁ» አልኳት። ማንጎውን ለጎረቤት ፍየል ሰጠሁት፤ የመብላት ፍላጎቴ ጠፍቶ ነበር።

ጋሪ በምነዳበት ዘመን የሃያ አንድ ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። አባቴ ሲሞት ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ ጋሪ ያዝኩ። ያዝኩ ስል የራሴ እንዳይመስላችሁ፤ ጋሪውም ፈረሱም የእትዬ ራህማ ነው። እትዬ ራህማ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ ሴት ነበሩ። ከባላቸው የቀረላቸው አንድ ክፍል ቤት፣ ጋሪውና ዳማ ብቻ ነው። ዳማ ፈረሱ ነው፤ ቀላ ያለ ስለሆነ በመልኩ ስም ወጣለት። ቀን ስሠራ እውልና ማታ ያገኘሁትን እኩል እንካፈላለን። እሳቸው በዚያች ያድራሉ፣ እኔም እናቴን በዚያች አሳድራለሁ። ዳማ አንድ ቀን ቆመ ማለት በሁለት ቤት ድስት አልተጣደም ማለት ነው።

እትዬ ራህማ ዳማን እንደ ከብት አያዩትም ነበር። ጠዋት ልወስደው ስሄድ አንገቱን አቅፈው በጆሮው አንድ ነገር ይሉታል። ምን እያሉት እንደሆነ አንድ ቀን ብጠይቃቸው፣ «አንተ ምን ጥልቅ አደረገህ? የእኔና የእሱ ነው!» ብለው በምርኩዛቸው ጎኔን ነካ አደረጉኝ። ተረበኛ ነበሩ፣ አላህ ይማራቸውና።

በዚያ ዓመት ግንቦት ላይ የመስኖ ሽንኩርት አንድ ላይ ደረሰ። የእኛ የሐብሩ ወረዳ ግንቦት እንዴት እንደሆነ ለሚያውቀው አልነግረውም፤ ሣሩ ነዶ ያልቃል፣ አቧራው ጥርስ ውስጥ ይንኳኳል፣ ንፋሱ ራሱ ትኩስ ነው። ገበሬው ሽንኩርቱ ሳይበሰብስበት ገበያ ለማድረስ ይጣደፋል፣ እኛም አንዱን ጭነት አውርደን ወደ ሌላው እንሮጣለን። ጠፍሩ የዳማን ትከሻ በላው። መጀመሪያ ፀጉሩ ተመለጠ፣ ቀጥሎ ወዛ፣ ከዚያ መዳፍ የሚያህል ቁስል ሆነ። ከጋራዥ የተቃጠለ የመኪና ዘይት አምጥቼ ቀባሁት። ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምናደርገው። ዝንቡ ይሸሻል፣ ቁስሉ ይጠቁራል፤ የጠቆረው የዳነ ይመስለን ነበር።

እትዬ ራህማ አዩትና፣ «ሁለት ቀን አሳርፈው እንጂ፣ ምነው ሰይዶ!» አሉኝ።

«ሁለት ቀን ምን እንበላለን እትዬ? ይልቅ አብሽሩ፣ ይድናል» አልኳቸው። የዳማን አንገት ዳብሰውት ወደ ቤት ገቡ። 

በዚያው ሰሞን ነው ደንቡ የወጣው። መናኸሪያው ግንብ ላይ ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን ተለጠፈ። ጋሪ ነጂው ሁሉ ተሰበሰበ። ከመሀላቸው እንደ ልብ የማነበው እኔ ስለነበርኩ «ሰይዶ፣ አንብብልን» አሉኝ። ኩራቱስ ቢሆን! ጉሮሮዬን ጠርጌ ጀመርኩ። ማንኛውም የኪራይ ፈረስ ለእንስሳት ሐኪም ቀርቦ ቁጥር ይሰጠዋል። የተገጠበ፣ ማለት ጠፍር ያቆሰለው፣ ፈረስ ጋሪ አይጎትትም። ሲጎትት የተገኘ እንደሆነ ፈረሱ ይወረሳል። «ይወረሳል» ስል ጩኸቱ ቀለጠ። አንዱ አለንጋውን መሬት ላይ ወረወረ፣ ሌላው የጻፈውን ሰው ረገመ። እኔ ደግሞ የዳማ ትከሻ ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ። አንብብ ያለኝም የለም፣ እኔም አልቀጠልኩም፤ ሰው ሲበተን አብሬ ተበተንኩ።

ቀጥ ብዬ የሄድኩት ወደ ተስፋዬ ነው። ተስፋዬ የወልድያ ልጅ ነው፤ ክርስቲያን ነው፣ የሁለት ልጆች አባት፣ ከእኔ በአምስት ዓመት ይበልጣል። እንደ ታናሽ ወንድሙ ነበር የሚያየኝ። መከታ የሚባል ፈረስ ነበረው፤ መልኩ ከዳማ ጋር ቁርጥ አንድ፣ ትከሻው ግን ንጹሕ። የጋሪ ሰው ፈረስ መዋዋስ ልማዱ ነው። የአንዱ ካነከሰ፣ ወይም ለቅሶና ሠርግ ከደረሰበት፣ ሌላው የራሱን ይሰጠዋል፤ እንቢ ማለት ነውር ነው።

«መከታን ለምርመራው አዋሰኝ» አልኩት።

«ውሰደው። የሚሰጡት የቆርቆሮ ቁጥር ነው አሉ። አውልቀህ ለዳማ ታስርለታለህ፣ እኔ ደግሞ በማግስቱ የራሴን አቀርባለሁ» አለ። እንዲያውም ሳቅን።

ምርመራው ከብት ገበያው ላይ ነበር። ሰልፉ ረጅም፣ ፀሐዩ አናት የሚበሳ። ሐኪሙ ከደሴ የመጣ፣ ከሲታና ረጋ ያለ ሰው ነው። የመከታን ጥርስ አየ፣ ትከሻውን ዳበሰ፣ እግሩን አነሣ።

«የማን ነው?»

«የእትዬ ራህማ። ዳማ ይባላል» አልኩ፣ ዓይኔን በጨው ታጥቤ።

«ጎበዝ፣ በደንብ ይዘኸዋል» ብሎ ጻፈልኝ። የዚያን ጊዜ ከጎኑ የተቀመጠ ብረት ቀጥቃጭ ከፍሙ ውስጥ የጋለ ብረት አውጥቶ የመከታን የፊት ሰኮና ያዘ።

«ምን ሊያደርገው ነው?» ብዬ ጮህኩ።

«ቁጥር ነዋ! ቆርቆሮማ ትለዋወጡብናላችሁ» አለ ሐኪሙ፣ እየሳቀ። ሰኮናው ጢስ አወጣ፣ የተቃጠለ ቀንድ ሸተተኝ። ሠላሳ ሰባት።  የዳማ ቁጥር በመከታ እግር ላይ ታተመ፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ደግሞ የእትዬ ራህማና የእኔ ስም ነው። አስፋልቱ ላይ የሚቆሙት ተቆጣጣሪዎች ሰኮናና ወረቀት ያመሳክራሉ ተብሏል። ዳማ ቁጥር የለውም፣ መከታም በተስፋዬ ስም ሌላ አያወጣም፤ በአንድ ጠዋት ሁለት ፈረስ አሰርኩ።

ተስፋዬ የታተመውን ቁጥር በአውራ ጣቱ ፈተገው፤ አልለቀቀም። በኋላ፣ «ሂድና ንገራቸው» አለኝ።

«ዳማን ይወስዱታል። እትዬ ራህማ ምን ይሆናሉ?»

«ልጆቼስ ሰይዶ? እኔስ ምን ልሁን?» ድምፁን ከፍ አላደረገም። «እስከ ዓርብ እጠብቅሃለሁ። ወንድሜ ስለሆንክ ነው።»

መከታን በረት አሰረውና መናኸሪያ ሄዶ የሰው ዕቃ በጀርባው መሸከም ጀመረ። ላቡ ሸሚዙን አርሶት ሲያልፍ ሰላም ይለኛል። እኔ መሬት መሬት አያለሁ። ዳማን ደግሞ ከአስፋልቱ አስወጥቼ ውኃው በጎደለው ወንዝ ውስጥ እነዳው ጀመር፤ ከሽንኩርት ማሳው እስከ ገበያው ጀርባ፣ ድንጋይ ለድንጋይ፣ ተቆጣጣሪ በማያይበት። ጎማው ድንጋይ ሲመታ ጠፍሩ ቁስሉ ላይ ይመለሳል። ዳማ አንገቱን አዙሮ ያየኛል። «ቻለው፣ ትንሽ ቀን ነው» እለዋለሁ። ትንሽ ቀን ሲያልፍ ምን እንደሚመጣ እኔም አላውቅም ነበር፤ ወላሂ አላውቅም። እንቅልፍ አጣሁ፣ እህል አልወርድ አለኝ፣ እናቴ ታመመ ብላ ዱዓ ታስደርግልኝ ነበር።

ዓርብ ጁምዓ ሰግጄ በማዘጋጃ ቤቱ በር ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። ሦስቴም እግሬ አልገባ አለኝ። ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

በማግስቱ ዳማ ወንዙ መሀል ወደቀ። ተንበረከከ፣ ከዚያ በጎኑ ተኛ፤ ሽንኩርቱ በድንጋዩ ላይ ተበተነ። ብጎትተው፣ ብለምነው አልነሣ አለ። ሮጬ የጠራሁት ማንን መሰላችሁ? ተስፋዬን። ተሸክሞት የነበረውን ጆንያ አውርዶ ቃል ሳይናገር ተከተለኝ። ጠፍሩን በቢላዋ ቆረጥነው። በዘይቱ ሥር ቁስሉ እስከ አጥንት መግሎ ነበር፤ ሽታው አሁንም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ደግፈን፣ እያሳረፍን፣ እትዬ ራህማ ግቢ አደረስነው።

«አሁን ሂድ» አለኝ ተስፋዬ።

ሄድኩ። ሐኪሙ ፊት ቆሜ ሁሉንም ዘረገፍኩት። አልተቆጣም። ቦርሳውን አንሥቶ በእግሩ አብሮኝ መጣ። እትዬ ራህማ ውኃ ሊያሞቁ ቤት ገብተው ነበር። ሐኪሙ ቁስሉን ብዙ ጊዜ ወስዶ አየ።

«ለምን አላመጣኸውም?»

«ትወርሱታላችሁ ብዬ።»

«ይወረሳል ማን አለህ?»

«ማንም አላለኝ። ራሴ አንብቤ ነው።»

«ሁለተኛውንስ ወረቀት አንብበኸዋል?»

ራሴን ነቀነቅሁ። ቀስ ብሎ ነገረኝ። ባለቤቱ በፈቃዱ ያቀረበው የተገጠበ ፈረስ አይወረስም። በነፃ ይታከማል፣ እስኪድን ቁጥሩ ይጠበቅለታል፣ እስከዚያ መኖውን ማዘጋጃ ቤቱ ይችላል። እንዲህ ይላል ሁለተኛው ወረቀት። «በምርመራው ቀን ብታመጣው ኖሮ ክረምት ሳይገባ ይሠራ ነበር» አለኝ። ከዚያ ወደ ተስፋዬ በረት ሄደና ከቦርሳው ሞረድ አወጣ፤ የመከታን ሰኮና ይዞ አራት አምስቴ ፋቅ ፋቅ ሲያደርገው ቁጥሩ ጠፋ። አበቃ። እኛ የዕድሜ ልክ እስራት አድርገነው የነበረው ነገር ያ ነበር። ተስፋዬ ሰኮናውን አየ፣ እኔን አየኝ፣ ፊቱን አዞረ። በሳምንቱ በራሱ ስም ቁጥር አወጣ።

ዳማ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሞተ። እትዬ ራህማ ጭንቅላቱን ጭናቸው ላይ አድርገው ዝንቡን በነጠላቸው ጫፍ ያባርሩ ነበር፤ ከሞተም በኋላ ማባረራቸውን አላቆሙም።

«ሰይዶ፣ ሐኪሙ ምን አለህ? ቀደም ብለን ብናሳየው ይድን ነበር?» አሉኝ።

«አይ እትዬ» አልኳቸው። «የአላህ ሥራ ነው አለ። ምንም ማድረግ አይቻልም ነበር አለ።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። «ፈርቼ ነበር፤ በእኛ ጥፋት መስሎኝ። አንተማ የምትችለውን ሁሉ አደረግህ፣ የኔ ልጅ። አላህ ከፍ ያድርግህ፣ እጅህ የነካውን ሁሉ ያብዛልህ።» ሁለት እጃቸውን ዘርግተው እዚያው መሬት ላይ ተቀምጠው መረቁኝ። እኔም አሚን አልኩ። 

እትዬ ራህማ ጋሪውን ሸጠው ሐራ ከተማ እህታቸው ዘንድ ገቡ። በሰው ቤት፣ በሰው እጅ ኖሩ። በየዓረፋው ስኳርና ሻማ ይዤ እሄድ ነበር፤ እሳቸውም በሄድኩ ቁጥር ያንኑ ዱዓ ያደርጉልኛል። በእያንዳንዱ ጉዞ ዛሬ እነግራቸዋለሁ እያልኩ ሄጄ ሳልነግራቸው ተመለስኩ። አንዱን ዓመት ሄጄ ስደርስ ቀብረዋቸው አገኘሁ።

ሠራተኛዋ የተወችልኝን ረቂቅ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። የሕክምናውና የዕረፍቱ አንቀጽ አሁንም መጨረሻው ገጽ ላይ ነው። ሐሙስ ተነሥቼ መጀመሪያ ይሁን፣ በገበያ ቀን በድምፅ ማጉያም ይነበብ እላለሁ። ይሰሙኝ ይሆናል፤ ጥሩ ሐሳብ ነው ብለው ያጨበጭቡልኝም ይሆናል። እትዬ ራህማን ግን አውፍ በሉኝ ብዬ ይቅርታ መጠየቂያው ጊዜ አልፎብኛል። ሱቄ ሲሰፋ፣ ልጆቼ ወግ ማዕረግ ሲያዩ፣ የድሮውን የሚያውቁ ጎረቤቶቼ «የእትዬ ራህማ ዱዓ ነው» ይላሉ። እኔም አሚን እላለሁ።