የመሪጌታን ቅኔ ያጠፋሁት እኔ ነኝ

ይኼን ነገር ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ሚስቴ አታውቅም፤ የነፍስ አባቴም አያውቁም። በየዓመቱ ሁዳዴ ሲገባ ፊታቸው እቀመጥና ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ የጾም መሻሬን እዘረዝራለሁ። እዚህች ላይ ስደርስ ዘልዬ አልፋለሁ። እናንተ ስለማታውቁኝ ይሆናል የደፈርኩት።

ንፋስ መውጫ ውስጥ ኮምፒውተር ቤት አለኝ። እጽፋለሁ፣ አትማለሁ፣ የተበላሸ እጠግናለሁ። ሰው ሁሉ ኢንጂነር ይለኛል። ምን ኢንጂነር፤ የሦስት ወር ሥልጠና ነው ያለኝ። የማውቀው ዊንዶውስ መጫን ብቻ ነው፣ እሱንም ከሰው በገለበጥኩት ፍላሽ። ስሙን ግን ወድጄው ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት መሪጌታ ጥበቡ ከአርብ ገበያ ላፕቶፓቸውን በጋቢ ጠቅልለው፣ ፕሪንተራቸውን አስይዘው መጡ። የቅኔ መምህር ናቸው። ቅኔ አንዴ ከተዘረፈ አይደገምም፤ የሰማው ሰው ካልያዘው ጠፋ ማለት ነው። የሞቱት መምህራቸው በየበዓሉ የተቀኙትን መሪጌታ በቃላቸው ይዘው ኖረው፣ በስተርጅና በሁለት ጣት ፊደል እየለቀሙ ላፕቶፑ ላይ ጽፈውታል። አራት ዓመት ፈጅቶባቸዋል። ለመምህራቸው ሙት ዓመት አትመው ለደብሩ ሊሰጡ ፈልገው፣ የገዙት ፕሪንተር ከላፕቶፑ ጋር አልግባባ ብሏቸው ነው የመጡት። ጽሑፉንም ከፍተው አሳዩኝ።

ላፕቶፑን የሚያሠራው ዊንዶውስ ሳይሆን ሊኑክስ የሚሉት ሌላ ፕሮግራም ነው፤ ያኔ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጃቸው የሺወርቅ የጫነችላቸው። ደነገጥኩ፤ ነክቼው አላውቅማ። «አላውቀውም» ማለት ምን ነበረበት? አፌ ግን «መሪጌታ፣ ይኼ ነፃ የሚሉት ነገር ነው ያስቸገረዎት። በነፃ የመጣ መቼ ይበረክታል? ዊንዶውስ ልጫንልዎት» አለ።

ቅር አላቸው። «ልጄ እኮ አንዱ የሠራውን ሌላው በነፃ ወስዶ፣ አርሞ፣ መልሶ በነፃ የሚሰጠው ነው ብላኛለች። የቅኔ ቤት ሥርዓትስ ይኸው አይደል?» አሉኝ። ላፕቶፑን ወደኔ ገፋ አድርገው ደግሞ «ብቻ አንተ ኢንጂነሩ ታውቃለህ። ጽሑፌን አደራ» አሉና ለጸሎት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ።

ጽሑፉን መጀመሪያ ልገለብጥ ብዬ ዲስኩን ፈትቼ ከራሴ ኮምፒውተር ጋር አገናኘሁት። ምንም የለም። ዲስኩ ፎርማት ካልተደረገ፣ ማለትም ያለበት ሁሉ ካልተጠረገ፣ አይከፈትም የሚል መልእክት ብቻ መጣ። ዊንዶውስ እንዲህ ያለውን የሊኑክስ ዲስክ እንደማያነብ ያኔ አላውቅም ነበር። ግን ይኼ ምክንያት ይሆነኛል? አሁን በዓይኔ ያየሁት ጽሑፍ የት ሊገባ ይችላል? በዚያ ላይ ላፕቶፑ ጀርባ ላይ በፕላስተር የተለጠፈ ወረቀት አለ። «ችግር ካለ ደውሉልኝ፣ የሺወርቅ» ይላል፣ ከነስልክ ቁጥሯ። ስልኬን አነሳሁ። መልሼ አስቀመጥኩት። ኢንጂነሩ ለተማሪ ልጅ ደውሎ «ይኼ እንዴት ነው የሚሠራው?» ሊል ነው? መሪጌታ ከመመለሳቸው በፊት መጨረስ አለብኝ አልኩና ፎርማት አደረግኩት። እኔ ነኝ ያደረግኩት። ማንም እጄን አልያዘኝም።

ሲመለሱ ዊንዶውሱ ይሠራል፣ ፕሪንተሩም ይሠራል፤ የሚታተም ግን የለም። መሪጌታ እስክሪኑን አንዴ፣ እኔን አንዴ እያዩ ቆሙ። ያኔ የባሰውን አደረግኩ። «ልጅዎት የጫነችው ነገር ሲፈርስ ጽሑፉንም ይዞት ጠፋ። ልጅ ናት፣ አላወቀችም» አልኳቸው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የኔ ግን ወለምታም አልነበረም። አውቄ ነው ያልኩት።

አመኑኝ። «የመምህሬን ቃል በገዛ ልጄ አስጠፋሁ» ብለው የሺወርቅን እስከ ዛሬ ቅር ተሰኝተውባታል። ለፋሲካ ስትመጣ ስልካቸውን እንኳ አያስነኳትም አሉ። ቅኔውን እንደገና ሊጽፉ ሞከሩ፤ ግማሹ መጣ፣ ግማሹ እንቢ አለ። እኔ ደግሞ ነጠላ ያጣፋ ሽማግሌ በሱቄ በር ባለፈ ቁጥር ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ።

ባለፈው ሳምንት የሺወርቅ መጣች። አሁን ሥራ ይዛለች። አልጮኸችብኝም። «ጋሼ፣ ላፕቶፑን አይቼዋለሁ፤ ፎርማት እንዳደረጉት አውቃለሁ። እኔ ለአባባ ብነግራቸው ራሴን ላድን የማወራ ነው የሚመስላቸው። እርስዎ ይንገሯቸው» አለችኝ። እሺ አልኳት።

ትናንት በሚኒባስ አርብ ገበያ ወረድኩ። መንገዱን ሙሉ የምለውን ሳጠና ሄድኩ። መሪጌታ ከደቀ መዛሙርታቸው መሀል ተቀምጠው ነበር። ሲያዩኝ ተነሡና «ያን ዕለት ስንት የደከመልኝ ኢንጂነር ይኸ ነው» ብለው አስተዋወቁኝ። መረቁኝ፤ ተማሪዎቹም አሜን አሉ። ጠላ ቀዱልኝ። ጠጣሁና ተመለስኩ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ ይቅርታው የእናንተ አይደለም። ለእናንተ የነገርኩት ለእሳቸው ከመንገር ስለሚቀል ነው፤ ይኼም ያው ፍርሃቴ ነው። የሺወርቅ ዛሬም በአባቷ ፊት ጥፋተኛ ናት።