ከኋላ የተቀጠለችው ክፍል

ታላቅ ወንድሜ አናጢ ነው። ሳይለካ አፉን አይከፍትም፤ ሰፈሩም «ሜትር» ይለዋል። ስንት ቤት የሠራ ሰው፣ ስሙ ጋዜጣ ላይ የወጣው ግን ቤት በመንቀሉ ነው።

የነቀለው ደግሞ የእኛኑ ቤት ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ አሮጌ ቤቶች ከየቦታው እየተነሡ የሚተከሉበት ሰፊ የሙዚየም ሜዳ አለ። በቤታችን ላይ መንገድ ሊያልፍ ሲል ሙዚየሙ ወሰደው። ሜትር ተቀጥሮ እያንዳንዱ እንጨት ላይ በቀለም ቁጥር ጻፈ፣ ነቀለ፣ እዚያም በየቁጥሩ መልሶ ገጠመ። እማዬ እኔ ዘንድ ገባች፤ ቤቴን በሰው ሜዳ ላይ አላይም ብላ ሦስት ዓመት አኮረፈች።

ዘንድሮ ልቧ ራራና እሁድ እንሂድ ስላት እሺ አለች። ጉዞውን ያሰናዳሁት እኔ ነኝ። መኪና ለመንኩ፣ ማን የት እንደሚቀመጥ ሳይቀር ጻፍኩ፤ ልጆቼ ግን በመስኮት በኩል ማን ይቀመጥ ብለው ተጣሉ። እማዬ የምታወራው አባዬ ከቤቱ ኋላ ስለቀጠላት ክፍል ብቻ ነበር። እኛ የተወለድነውም፣ አባዬ ያረፈውም እዚያች ክፍል ውስጥ ነው። አልጋው የነበረበት ጋ ትንሽ ቁጭ ብዬ እመለሳለሁ ትላለች።

ሜትር ግን ሰበብ አበዛ። መጀመሪያ ዝናብ አለ፣ ቀጥሎ የእማዬን ጉልበት አመጣ። ደሜ ፈላና ቅዳሜ ምሳ ላይ እሷው ፊት አፋጠጥኩት። ምነው ዝም ባልኩ!

ማንኪያውን አስቀመጠ።

«እማዬ፣ ክፍሏ የለችም። በኋላ የተቀጠለች ስለሆነች ከድሮው ቤት አትቆጠርም አሉኝ። ያፈረስኳት እኔ ነኝ።»

ቁጥር እንዳይጽፍባት ነግረውት ኖሯል። ሥራው እንዳያመልጠው እሺ ብሎ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ በሆዱ ይዞት ከረመ።

እማዬ አልጮኸችም። አባዬ ክፍሏን ከሥራ መልስ እየሠራ ዓመት እንደፈጀባት ነገረችው። ከዚያ፣ «አንተስ በስንት ቀን ጨረስካት?» አለችው።

«በግማሽ ቀን።»

ሳህኗን ገፋ አደረገች።

«በሉ፣ ልጆቹን ይዛችሁ ሂዱ። እኔ ከማላውቀው ሰው ቤት ምን ልሠራ እሄዳለሁ?»