እማማ ዘይነብ የነቀሉት ገመድ

ነገሩ የደረሰው አምና ክረምት፣ ሐምሌ ውስጥ ነው። ዓመት ሊሞላው ነው፤ እኔ ግን ዛሬም ሰማዩ ሲጠቁር ያ ቀን ይመጣብኛል። መብረቅ ፈሪ ሆኜ አይደለም። በዚያ ቀን ከአፌ የወጣው ነገር አልለቅ ብሎኝ ነው።

የምሠራው አሶሳ ነው፤ ጦርነት ሸሽተው ድንበር ሲሻገሩ ከወላጆቻቸው የተለያዩ ሕፃናትን በሚመዘግብ አንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። የልጆቹ ፎቶ፣ ስማቸው፣ የተገኙበት ቦታ፣ አሁን ማን ዘንድ እንዳሉ፣ ሁሉም ያለው እኛ ጋ ነው።

የመሥሪያ ቤቱን ሥራ የሚያስኬዱ አምስት አሮጌ ሰርቨር ኮምፒውተሮች ነበሩን። አንዱ ሲነሳ ሌላው ይወድቃል። ሲሰለቸኝ አምስቱንም ወደ አንድ አዲስ ማሽን አዛወርኳቸው። ቨርቹዋል ሰርቨር ይባላሉ። በእጅ የሚዳሰስ አካል የላቸውም፤ ግን አንዱ ማሽን ውስጥ ሆነው እያንዳንዳቸው ራሱን እንደቻለ ኮምፒውተር ይሠራሉ። ፋይላቸው በሙሉ፣ እነሱም ራሳቸው ጭምር፣ የሚቀመጡት ስቶሬጅ በሚባል ጥቁር ሳጥን ውስጥ ነው።

ሥራውን እንደጨረስኩ አለቆቼን ሰርቨር ክፍሉ ውስጥ አቁሜ በኩራት አስረዳሁ። "ይሄ ትልቁ ማሽን ቢሞት ሌላ ይተካል። የሁሉም ነፍስ ያለው እዚህ ሳጥን ውስጥ ነው" አልኳቸው። አለቆቼ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንደኛው ስልኩን እያየ ነበር። የጽዳት ሠራተኛችን እማማ ዘይነብ ደግሞ ከኋላችን ወለሉን ይወለውሉ ነበር። እማማ ዘይነብ የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ናቸው፤ ዐረብኛ ያውቃሉ፣ አማርኛቸው ግን ሴቱንም ወንዱንም 'እሱ' ይላል፤ በዕድሜ እናቴን ይበልጣሉ።

እኛ አገር ነጎድጓድ ሲጀምር የሰው ሁሉ የመጀመሪያ ሥራ ገመድ መንቀል ነው። ቴሌቪዥን፣ ፍሪጅ፣ ቻርጀር፣ አንድም አይቀርም። እናቴ በሰፈራ መንደራችን ዛሬም ራዲዮኗን ነቅላ በነጠላ ትጠቀልላለች። እኔ ግን ተምሬያለሁ ባይ ነኝ። የኤሌክትሪክ መከላከያ አለኝ፣ ባትሪ አለኝ። ሰርቨር ክፍሉ ውስጥ "መንካት ክልክል ነው" የሚል ወረቀት ለጥፌያለሁ፤ ለእማማ ዘይነብም በአፌ ነግሬያቸዋለሁ።

የዚያን ቀን ጠዋት ሃዋ የምትባል ሱዳናዊት እናት ከሸርቆሌ የስደተኞች መጠለያ በሚኒባስ መጣች። የስድስት ዓመት ልጇ ድንበር ላይ በግርግር ከእጇ አምልጣ ከጠፋች ወራት አልፈዋል። መዝገባችን ውስጥ አንዲት የምትመሳሰል ልጅ ተገኝታ ስለነበር ፎቶዋን አይታ እንድትለይ ነው የጠራናት። ልጅቷን ያስጠጋት ቤተሰብ በማግስቱ ወደ ሌላ ክልል ሊሄድ ነበር። ፎቶው የሚታየው የዚያን ቀን ካልሆነ ሊረፍድ ይችላል። የሚያነጋግራት ባልደረባዬ ስብሰባ ላይ ስለነበር ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ይዛ ተቀመጠች።

ስድስት ሰዓት ገደማ ሰማዩ ድፍን ብሎ ጠቆረና ማጉረምረም ጀመረ። ወዲያው አምስቱም ሰርቨሮች ባንድ ጊዜ ቀጥ አሉ። እየሮጥኩ ሰርቨር ክፍሉ ስደርስ እማማ ዘይነብ ተንበርክከው የስቶሬጁን ገመድ ነቅለው ይዘዋል። የኤሌክትሪኩን ብቻ ቢሆን ጥሩ፤ ከኋላው ያለውን የኔትወርክ ገመድ ሁሉ ነቃቅለው መሬት ላይ ዘርግተውታል።

ደሜ ፈላ። አንድም ቀን ከ"እርስዎ" ሌላ ብያቸው የማላውቃቸውን ሴት "አንቺ" አልኳቸው።

"ማን ንኪ አለሽ? ማንበብ አትችይም? የስንት ልጅ ሕይወት ነው ያበላሸሽው!"

ሰው ከየቢሮው ወጣ። ሃዋም ከወንበሯ ተነስታ በፍርሃት ታየኝ ጀመር። እማማ ዘይነብ ቀና ብለው "ሰማይ ተቆጥቷል" አሉኝና ባልዲያቸውን አንስተው ወጡ።

ገመዱን ልሰካ ጎንበስ እንዳልኩ ነው መብረቁ የወረደው። ክፍሉ ነጭ ሆነ፣ ጆሮዬ ደነቆረ። ጣሪያው ላይ ያለውን አንቴና መትቶ በኔትወርኩ ገመድ ወርዶ ነው የገባው። ትልቁ ማሽን ጨሰ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ገመዱ ከእጄ ወድቋል፤ ሶኬቱና እጄ መሐል ስንዝር አይሞላም ነበር።

ከደቂቃዎች በኋላ ነው አእምሮዬ የተመለሰው። አምስቱንም ሰርቨር የሚያሠራው ማሽን ባንድ ምት ሄዷል። ትርፍ ቅጂ የያዝኩት ከሁለት ሳምንት በፊት ነው፤ ልጅቷ የተመዘገበችው ደግሞ ከዚያ ወዲህ። ስህተቱ የራሴ ነበር። የቀረኝ ያ ጥቁር ሳጥን ብቻ ነው። እሱም በሥራ ላይ እያለ ድንገት ስለተነቀለ ፋይሉ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል።

ሰማዩ እስኪረጋ ጠብቀን ጄኔሬተር አስነሳን። የአንድ ባልደረባዬን ኮምፒውተር ለምኜ አመጣሁ፤ ቨርቹዋል ሰርቨር የሚያስነሳውን ሶፍትዌር ከፍላሽ ጫንኩበት። የይለፍ ቃሌን ሦስት ጊዜ ተሳሳትኩ።

በዚህ መሐል እማማ ዘይነብ በሩ ላይ ቆሙ። ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

"ይሄ ሴትዮ ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልበላም" አሉኝ። "ምሳ ሰጠሁ፣ እምቢ አለ። መኪና አሥር ሰዓት ይሄዳል። ልጁ አለ ወይስ የለም?"

"አላውቅም፤ ጠፍቶ ይሆናል" አልኳቸው።

"ለምን ይጠፋል? አንተ አልክ፣ ነፍስ ሁሉ ሳጥን ውስጥ ነው። እኔ ሳጥን ነቀልኩ። ሌላ አልነካሁም።"

አፈርኩ። ያን ሁሉ ማብራሪያ ስሰጥ እዚያ ክፍል ውስጥ ከልቡ የሰማኝ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ሳጥኑን ሰካሁት። መብራቱ ቢጫ ሆነ። ቢጫ ጥሩ አይደለም። ዲስኩን መፈተሽ ጀመረ፤ ትንሽ ይሄድና ይቆማል፣ ይሄድና ይቆማል። ስንት ጊዜ ሰዓቴን እንዳየሁ አላውቅም። ዘጠኝ ተኩል ሲሆን አረንጓዴ በራ። ከአምስቱ ሰርቨሮች መዝገቡን የያዘውን ብቻ አስነሳሁ። ተነሳ!

እማማ ዘይነብ ሃዋን ጠሯት። ፎቶው ሲከፈት ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። ከዚያ ጣቷን ስክሪኑ ላይ፣ የልጅቷ ቀሚስ አንገት ላይ አሳርፋ በዐረብኛ አንድ ነገር ተናገረች። እማማ ዘይነብ ተረጎሙ።

"ይሄ ቀሚስ እኔ ነኝ የሰፋሁት ይላል።"

ከዚያ በኋላ ሁለቱም አለቀሱ። እኔም ገመድ የምሰበስብ መስዬ ፊቴን አዞርኩ። ባልደረባዬ ቤተሰቡ ጋ ደወለ። ሃዋ ወደ ሸርቆሌ አልተመለሰችም፤ አሶሳ አደረች። በማግስቱ ቤተሰቡ ከመነሳቱ በፊት እናትና ልጅ ተገናኙ።

አሁን በየቀኑ ቅጂ እይዛለሁ። ደመና ሲከብድ እኔ ሰርቨሮቹን በሥርዓት አጠፋለሁ፣ እማማ ዘይነብ ገመዱን ይነቅላሉ። ያን ወረቀትም ቀድጄ ጥያለሁ።

አንድ ነገር ግን እስከዛሬ ይቆጠቁጠኛል። በነጋታው ጠዋት ማንም ሳይመጣ ኮሪደሩ ላይ ብቻቸውን አግኝቼ "ይቅር ይበሉኝ" ብያቸው ነበር። "ምንም አይደለም ልጄ" ብለው መወልወላቸውን ቀጠሉ። የሰደብኳቸው ግን መሥሪያ ቤቱ በሙሉ እየሰማ ነው። ይህን ጽፌ ለራዲዮ የላክሁትም ለዚሁ ነው፤ እማማ ዘይነብ፣ አሁን ሰው ሁሉ እየሰማ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ።